የቡና ከተማ ስትመርጡ ሐምሌን ጠይቁ



በዚህ ወር የምናነሳው ጉዳይ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን የብዙ ወጣት ቤተሰቦችን ኑሮ ሲያቃናም ሲያናጋም በዓይናችን ያየነው ነው። ጉዳዩ የመኖሪያ ከተማ መምረጥ ነው።

ያነሳሳኝ አንድ የቀድሞ ተማሪዬ ነው። ባለፈው ሰሞን ከዐስር ሶላት በኋላ መስጂድ በር ላይ ጠብቆ ያዘኝ። ትምህርቱን ጨርሶ እሱም እንደኔ መምህር ሆኗል። ኒካሕ ካሰረ ዓመት አልሞላውም፤ ባለቤቱም ነፍሰ ጡር ናት።

"ኡስታዝ፣ ምክርዎን ፈልጌ ነው" አለኝ። "ከጅማ ወጥቼ አንዲት የቡና ከተማ ለመመደብ ዕድል አግኝቻለሁ። ኅዳር ላይ ለሠርግ ሄጄ አይቻት ልቤ እዚያው ቀርቷል። አየሩ፣ ጫካው፣ ገበያው፣ የሰዉ ፊት! ባለቤቴ ግን ጅማን አንልቀቅ ትላለች። እርስዎ ምን ይላሉ?"

"በሐምሌስ አይተሃታል?" አልኩት።

"ኧረ አላየኋትም።"

"እንግዲያውስ ገና አላየሃትም" አልኩት።

ቀልድ መስሎት ሳቀ። ቀልድ አልነበረም። ቆመን ለመነጋገር ጊዜ ስላልበቃን የቀረውን በዚህ ዓምድ እንደምጽፍለት ቃል ገባሁለት። ለእሱ የሚሆነው ምክር ለብዙዎቻችሁም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ሁለት መልክ ያላት ከተማ

በጅማ ዙሪያ ያሉ ከተሞች ዓመታቸውን የሚቆጥሩት በቡና ነው። የካቲትና መጋቢት ላይ የመጀመሪያው ዝናብ ሲነካው ቡናው በነጭ አበባ ይሸፈናል፤ ሽታው መንገድ ላይ ይቀበላችኋል። ፍሬው ግን ስምንት ዘጠኝ ወር ይጠይቃል። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ይቀላል፣ ይለቀማል፣ ይሸጣል። እሸቱ ወደ ማጠቢያ ጣቢያ ይሄዳል፤ የቀረው በአልጋ ላይ ደርቆ ጀንፈል ይሆናል። ሰብሳቢው ሚዛኑን ይዞ ይወጣል፣ አቅራቢው መኪናውን ያሰልፋል፣ ለቃሚው ከሩቅ አገር ይጎርፋል። ሠርጉ የሚደገሰው፣ ጣሪያው በአዲስ ቆርቆሮ የሚለወጠው፣ ወርቁ የሚገዛው በዚህ ጊዜ ነው። በኅዳር የቡና ከተማ የገባ እንግዳ ድህነት የሚባል ነገር እዚያ አገር የሌለ ይመስለዋል።

ከሚያዝያ በኋላ ኪሱ ይሳሳል። ከሰኔ እስከ ነሐሴ ቡናው በዛፉ ላይ ገና አረንጓዴ ነው፤ ያምናው ገንዘብ አልቋል፤ የእህል ዋጋ ይወጣል፤ መንገዱ ይጨቀያል። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ የምታገኝ አገር ናት፤ ከዚህ ውስጥ አብዛኛው የሚወርደው በክረምት ነው። በኅዳር "ግቡ፣ ቡና ጠጡ" የሚለው ባለሱቅ በሐምሌ የዱቤ መዝገቡን ይዞ ይተክዛል። ሰዉ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ዓመቱ ሁለት ስለሆነ ነው።

እኔ መምህር ነኝና አንድ ተጨማሪ ምልክት ልንገራችሁ። በለቀማ ወቅት ክፍል ስገባ ወንበሩ ግማሹ ባዶ ሆኖ አውቃለሁ። ልጆቹ ቡና ውስጥ ናቸው። ቁርኣን ቤትም እንዲሁ ነው፤ ሉሑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ይቆያል። ወላጅን መውቀስ ይቀላል፤ ነገር ግን የዓመቱ ልብስና ደብተር የሚገዛው በእነዚያ ሳምንታት ነው። ልጅ ያለው ሰው የቡና ከተማ ከመግባቱ በፊት ይህን ማወቅ አለበት።

እኔ የከፈልኩት

ይህን ሁሉ ያወቅኩት ከመጽሐፍ አይደለም። ከዓመታት በፊት እኔም እንደ ተማሪዬ አንዲት ከተማን በኅዳር አይቼ ወደድኳት። ስሟን አልጠቅስም፤ ውለታዋ ከበደሏ ይበልጣልና። በመስከረም ባለቤቴንና ልጄን ይዤ ገባሁ። ሁለት ክፍል ቤት ተከራየን፤ ውል የሚባል ነገር አልጻፍንም፤ ተጨባብጠን ተለያየን።

ኅዳር ሲብት የቤቱ ባለቤት መጣ። ለቡና ግዢ የመጡ ነጋዴዎች ለሦስት ወር ብቻ የኔን ኪራይ ሦስት እጥፍ ሊከፍሉት ተስማምተዋል። "መምህር፣ አትቀየሙኝ፣ እኔም ልጆች አሉኝ" አለኝ። ሳምንት ሰጠን። የትምህርቱ አጋማሽ ላይ ዕቃችንን በጋሪ ጭነን ቤት ፍለጋ ዞርን፤ በዚያ ወቅት ደግሞ ባዶ ቤት የሚባል ነገር የለም። ባለቤቴ ቃል አልወጣትም። ዝምታዋ ግን ከወቀሳ ይከብድ ነበር፤ ምክንያቱም ከመምጣታችን በፊት "እስቲ ደግመህ ሄደህ እያት" ብላኝ ነበር።

የመስጂዱ ጀማዓ ሰማ። አንድ አዛውንት ጎተራ አድርገውት የነበረውን ክፍል አስጠርገው "ልጄ፣ እስኪያልፍ ድረስ እዚህ ሁን" አሉኝ። እስኪያልፍ የተባለው አራት ዓመት ሆነ።

በሐምሌ አጋማሽ አንድ ሌሊት ልጄን ትኩሳት ያዛት፤ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። ከከተማዋ የሚያወጣው መንገድ ወንዙ ዘንድ ተቆርጧል፤ መኪና የሚገኘው ከወንዙ ማዶ ነው። ያን ሌሊት በዝናብ በቃሬዛ ተሸክመው ያሻገሯት ጎረቤቶቻችን ናቸው። ግማሾቹን በስም እንኳ አላውቃቸውም ነበር። ወባ ሆኖ ተገኘ፤ ታከመች፣ አልሐምዱሊላህ ዳነች።

እንግዲህ አስቡት። ከተማዋ በኅዳር ከቤቴ አስወጣችኝ፣ በሐምሌ ልጄን አዳነችልኝ። መንገዷ የማይታመን፣ ሰዎቿ የሚታመኑ መሆናቸውን ያወቅኩት በአንድ ሌሊት ነው። ዐረቦች ከቤቱ በፊት ጎረቤቱን እዩ የሚሉት ለዚህ ነው። ነገር ግን ጎረቤትን ማየት የሚቻለው በችግር ወር ነው፤ በሠርግ ወርማ ሁሉም ጎረቤት ጥሩ ነው።

በረዶና ቡና

ጂኦግራፊ ሳስተምር ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚጠይቁኝ ነገር አለ፤ "የኛ ተራሮች ለምን እንደ አውሮፓ በረዶ አይለብሱም?" ይላሉ። በራስ ዳሽን፣ ከ4,500 ሜትር በላይ በሆነው ከፍታ፣ በረዶ አልፎ አልፎ ይጥላል፤ ግን አይሰነብትም። የምድር ወገብ ቅርብ ነውና። ለማነጻጸር የምነግራቸው በሞሮኮ አትላስ ተራሮች ስላለችው ስለ ኢፍራን ነው። ከፍታዋ 1,665 ሜትር ነው፤ ከኛ ጅማ እንኳ ዝቅ ትላለች። ሆኖም ወደ ሰሜን ርቃ ስለምትገኝ ክረምቷ በረዶ ነው። በአፍሪካ ምድር የተመዘገበው ዝቅተኛው ሙቀት፣ ከዜሮ በታች 23.9 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የተለካው እ.ኤ.አ. በ1935 እዚያው ኢፍራን ነው። የሙስሊም አገር ከተማ ሆና ሰው በእግሩ የበረዶ መንሸራተቻ አስሮ የሚጫወትባት ናት። ፈረንሳዮች ለመዝናኛ ቆረቆሯት፤ ኢፍራን ግን በበረዶው ብቻ አልቀረችም። እ.ኤ.አ. በ1995 አል አኸዋይን ዩኒቨርሲቲ ተከፍቶባት በረዶ በሌለበት ወርም የሚኖርባት ተማሪ አገኘች።

በአሜሪካ ኮሎራዶ ያለችው አስፐን ደግሞ ሌላውን ታሪክ ትነግረናለች። በመጀመሪያ የብር ማዕድን ከተማ ነበረች፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በበረዶ ሸርተቴ ዝነኛ ሆነች። ሀብታሞች ለጥቂት ሳምንት የሚመጡባቸው ቤቶች ዋጋ ሰማይ ነካ፤ ልጆቿን የሚያስተምረው መምህርና ሳህን የሚያጥበው ሠራተኛ ብዙዎቹ ከሸለቆው በታች ካሉ ከተሞች በየቀኑ ይመላለሳሉ። ይህን ሳነብ ዕቃዬን የጫንኩበት ጋሪ ትዝ አለኝ። በበረዶም ይሁን በቡና፣ በአንድ ወቅት የምትኖር ከተማ ጠባይዋ አንድ ነው፤ የወቅቱን እንግዳ ታስቀድማለች፣ የዓመቱን ነዋሪ ታስጨንቃለች።

በዚያ ላይ የቡና ዋጋ የሚወሰነው በኛ ገበያ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 የዓለም የቡና ዋጋ እጅግ ወርዶ አንድ ፓውንድ ዐረቢካ ከግማሽ ዶላር በታች ሲሸጥ የለቀማውን ወጪ እንኳ ያልመለሰ ገበሬ ብዙ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2025 ደግሞ ዋጋው ከ4 ዶላር አልፎ ታይቶ የማይታወቅ ደረጃ ደረሰ። በሽታም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1971 ፍሬውን በእንጭጩ የሚያጠቁረው በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ ስንቱን አደኸየ። ዛሬ ገበሬዎቻችን 74110 እና 74112 እያሉ በቁጥር የሚጠሯቸው ዝርያዎች ያን በሽታ እንዲቋቋሙ እ.ኤ.አ. በ1974 ከተመረጡት ናቸው፤ ጅማ አጠገብ ያለው የመልኮ ምርምር ማዕከል ውለታ ነው። በአንድ ሰብል ላይ የቆመች ከተማ በአንድ ዓመት ልትወድቅም ልትነሳም ትችላለች ማለት ነው።

ከተሞቻችን በየመልካቸው

ጅማ። የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ያለው ከከተማው ከፍ ብሎ በጅሬን ኮረብታ ላይ ነው፤ ገበያው ግን ታች ሂርማታ ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 የገዙት ንጉሥ አየሩንና እይታውን መረጡ፤ ነጋዴው መንገዱን መረጠ። የዛሬዋ ጅማ ያደገችው ነጋዴው በመረጠው በኩል ነው። ጅማ ቡና ብቻ አይደለችም። እ.ኤ.አ. በ1952 የተከፈተው የእርሻ ትምህርት ቤትና በኋላ የተቋቋመው የጤና ተቋም ተዋህደው እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒቨርሲቲ ሆነዋል። ለደቡብ ምዕራብ ሕዝብ ትልቁ ሆስፒታል እዚሁ ነው። ስለዚህ ሐምሌዋም ሥራ አለው። ጉድለቷ ግርግሩና የቤት ኪራዩ ነው።

አጋሮ። ከጅማ በስተምዕራብ በበደሌ መንገድ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃታል። የጎማ ቡና መዲና ናት። ፍየሎቹ ቀይ ፍሬ በልተው ሲዘሉ አየ የሚባለው የእረኛው የካልዲ ታሪክ የሚነገርባት ጮጬም በዚሁ ወረዳ ናት። ንግዷ የደራ ነው፤ በታመሙ ጊዜ ጅማ መድረስ ይቻላል። ነገር ግን የኅዳርና የሐምሌ ልዩነት ጎልቶ የሚታይባት ናት።

ሊሙ ገነት። በዓለም ገበያ በስሙ የሚሸጠው የታጠበው የሊሙ ቡና አገር። ሰፋፊ የቡና እርሻዎች ስላሉ ደመወዝተኛ ሠራተኛ አለ፤ ይህም ከተማዋን ትንሽ ያረጋጋታል። ከጅማ ግን ራቅ ትላለች።

ጌራ። መቀመጫዋ ጪራ ናት። በለጠ ጌራ የሚባለው የተፈጥሮ ጫካ በጥላው ሥር የጫካ ቡናና ማር ያበቅላል። በጃፓን የልማት ትብብር ድጋፍ የተደራጁት የጫካ ተጠቃሚዎች እ.ኤ.አ. በ2007 ለቡናቸው ዓለም አቀፍ የምስክር ወረቀት አግኝተዋል። ጸጥታ ለሚወድ ቤተሰብ እንዲህ ያለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል፤ ርቀቷን ግን መናቅ አይገባም።

ቦንጋ። ከጅማ ከ100 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ደቡብ ምዕራብ፣ በካፋ። የካፋ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2010 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ተመዝግቧል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 የደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ሕዝቦች ክልል ሲመሠረት ቦንጋ የክልሉ መቀመጫ ሆናለችና የመንግሥት ሥራ ጨምሯል። ሙስሊሙ እንደ ጅማ ብዙ ስላልሆነ መስጂድና መድረሳ የሚቀርበውን ሰፈር አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

ደዶ። ከጅማ በስተደቡብ፣ ከፍ ያለውና ቀዝቃዛው አገር። እዚያ ከቡናው ይልቅ እህሉ ስለሚበረታ ዓመቱ እንደ ቡና አገር አይዋዥቅም። ትኩሳት የሚፈራ ወላጅ ሊያስባት ይገባል።

ከመግባታችሁ በፊት

ለተማሪዬ የምሰጠው ጥያቄ ስድስት ነው፤ ለእናንተም ይሁን።

አንደኛ፣ ከተማዋን በሐምሌ ሂዱና አንድ ሳምንት ሰንብቱባት። ከተቻለ ከባለቤታችሁ ጋር ሂዱ። ውኃ የምትቀዳውም ልጅ የምታስታምመውም አብዛኛውን ጊዜ እሷ ናትና ዓይኗ ከኛ ይልቅ ያያል።

ሁለተኛ፣ ሌሊት የታመመ ሰው በየት በኩል እንደሚወጣ ጠይቁ። "መንገድ አለ ወይ?" አትበሉ፤ "ባለፈው ክረምት ስንት ቀን ተቆረጠ?" በሉ።

ሦስተኛ፣ ከፍታዋን እወቁ። በአገራችን ወባ የሚበረታው ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,000 ሜትር በታች ነው፤ የቡና አገር ደግሞ አብዛኛው በዚያ ውስጥ ነው። ይህ አትግቡ ማለት አይደለም፤ አጎበር ይዛችሁ ግቡ፣ የረጋ ውኃ አጠገብ አትከራዩ ማለት ነው።

አራተኛ፣ የኪራዩን ውል ለሙሉ ዓመት፣ በጽሑፍ፣ በምስክር አድርጉት። ወንድማማችነት ውልን አይከለክልም፤ ይልቁንም ውል ወንድማማችነትን ይጠብቃል። እኔ ይህን ባደርግ ኖሮ ከባለቤቱ ጋር አልቀያየምም ነበር።

አምስተኛ፣ መስጂዱን ብቻ ሳይሆን በለቀማ ወቅት ቁርኣን ቤቱ መዘጋት አለመዘጋቱን ጠይቁ። ልጆቹ ማታ የሚቀሩበት ዝግጅት ያለው ጀማዓ የነቃ ጀማዓ ነው። በክረምት ሥራ የሚፈታው ወጣት የት እንደሚውልም እዩ፤ የጫት ቤቱ ከመስጂዱ የሚሞላ ከሆነ አስቡበት።

ስድስተኛ፣ ወር ጠብቆ ደመወዝ የሚያገኝ ሰው በሐምሌ የቡና ከተማ ውስጥ ሀብታም ነው። ይህ ፈተና ነው። የተቸገረ ገበሬ "ብር ስጠኝና ኅዳር ላይ ቡናውን ውሰድ" ይላችኋል። በወለድ ማበደር ሐራም መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን፤ ገና በአበባው ያለን፣ ይያዝ አይያዝ ያልታወቀን የዚያን ማሳ ፍሬ መግዛትም የፊቅህ ሊቃውንት የከለከሉት ነው። ዋጋው በሙሉ ተከፍሎ፣ መጠኑና ዓይነቱ ተለይቶ፣ ቀኑ ተቆርጦ የሚደረገው የሰለም ውል ግን የተፈቀደ በር ነው። ከመግባታችሁ በፊት ዓሊም ጠይቁ። ጎረቤታችሁ በረሃብ ወሩ ያተረፋችሁበት ሰው ከሆነ፣ እናንተም በችግራችሁ ቃሬዛ የሚይዝላችሁ አታገኙም።

ለጉብኝት ብቻ ለምትሄዱ ወጣቶች ደግሞ ኅዳርና ታኅሣሥ ይመቻችኋል፤ ዝናቡ ያቆማል፣ ቡናው ይቀላል። ጅሬንን እዩ፣ የጅማን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ከሠሪው እጅ ግዙ። ነገር ግን ያያችሁት ግማሹን መሆኑን አትርሱ።

ታዲያ ሁላችንም ጅማ እንከማች?

ተማሪዬ ይህን እንደሚጠይቀኝ አውቃለሁ። ሁሉም መምህር ሆስፒታልና አስፋልት ያለበትን ከመረጠ የጌራን ልጅ ማን ያስተምረዋል? ይህ ጥያቄ እኔንም ያሳስበኛል። እኔ አራቱን ዓመት በመኖሬ አልጸጸትም፤ የምጸጸተው ሳላጣራ ቤተሰቤን ይዤ በመግባቴ ነው። ዓይን ከፍቶ መሄድና ዓይን ጨፍኖ መሄድ መንገዱ አንድ ቢሆንም ውጤቱ ለየቅል ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ መልሴ ይህ ነው። ባለቤትህ በሰላም እስክትገላገል ጅማ ቆዩ፤ ቃሏ ትክክል ነው። በሚመጣው ሐምሌ ጃንጥላና ቦቲ ጫማ ይዘህ ያቺን ከተማ ሂድና እያት። በጭቃው መሐል ሰላምታ የሚሰጥህ፣ ባዶ መሶቡ አጠገብ "ና ቁጭ በል" የሚልህ ሰው ካገኘህ፣ ሂድ፣ ግባ፣ አስተምር። ኦሮምኛህንም አሳምር፤ ካፋ ከሆነ ደግሞ ካፊኖኖ ልመድ። የወቅት እንግዳ ሳይሆን የዓመት ጎረቤት ሁን። ያኔ ኅዳሯም ያንተ ይሆናል።

አላህ መኖሪያችንን የበረካ፣ ጎረቤታችንን የኸይር ያድርግልን።

ወቢላሂ ተውፊቅ፤ ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።